የግራው ጾመኛ

የሺሃረግ መንታ ካረገዘች ወዲህ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በር ይገባ ጀመር። የሰፈሯ የጋአን ሊባህ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት መጀመሪያ ለሆዷ፣ ትንሽ ቆይቶ ለባለቤቲቱ ሰላምታ ይሰጣል። የባጃጅ ሾፌሮችማ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ወርደው ጎማቸውን ይፈትሻሉ። ይህን የሚያወራው የገዛ ባሏ ቸርነት ነው። ቸርነት፣ መሐመድ ሞጌ በሚባል ሰፈር፣ ግድግዳ ይለስናል፤ አብረውት የሚሠሩት ግን ግድግዳው የተያዘው በሲሚንቶ ሳይሆን በቸርነት ወሬ ነው ይላሉ።

ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሐርጌሳ ከገቡ ቆይተዋል። እሷ በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች፣ እሱ እየለሰነ፣ ልጅ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። ሲመጣ ሁለት ሆኖ መጣ። «የዘገየ አውቶቡስ ደርቦ ይጭናል» አለ ቸርነት፤ ይህንንም ለማያውቃቸው ሶማሌዎች ሳይቀር በእጁ ምልክት እያስረዳ ሰነበተ።

አዋላጇ ናይማ ጅጅጋ ስላደገች አማርኛ ትችላለች፤ ስትቆጣ ደግሞ ይብስባታል። የሺሃረግን አስተኝታ፣ እጇን ይዛ በሆዷ ላይ አዞረችው።

«ይሄ የቀኙ ነው፤ ወደ ላይ፣ ከጎድንሽ ሥር። ይሄ የግራው፤ ዝቅ ብሎ። ለየብቻ ስሚያቸው፣ እህቴ። ቆመሽ እየሠራሽ አይሰማሽም፤ ቀን ጋደም በይና እጅሽን አስቀምጪ። አንዱ ከወትሮው ዝም ካለ፣ ሌላው ቢጨፍርም ነይ። ይምሽ፣ ይንጋ አትበይ።»

«እሺ» አለች የሺሃረግ።

ለየቻቸውም። የቀኙ ቦክሰኛ ነበር። ጎድኗን ሲመታ የምታጥበው ልብስ ከእጇ ይወድቃል። የግራው ጨዋ ነው፤ በር አንኳኩቶ «ማነው?» ሲባል የሚያፍር እንግዳ ዓይነት፣ ነካ አድርጎ ይተዋል። ለማንም አልተናገረችም እንጂ ልቧ ወደ እሱ ያደላ ነበር።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። ሐርጌሳ ቀን ቀን ተኛች። ሻይ ቤቱ ወንበሩን ገልብጦ አንቀላፋ፤ ፍየሎቹ እንኳ ካርቶናቸውን የሚያኝኩት እንደ ሌባ ዞር ብለው ሆነ። በእነ የሺሃረግ ግቢ የቀረ ጾመኛ አልነበረም። ክርስቲያኑ ከሥጋና ከወተት፣ ሙስሊሙ ከውሃም ጭምር ተከልክሎ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ከንፈር ይመጣጠጣል። ነፍሰ ጡር አትጾምም ተብላ የተፈታችው የሺሃረግ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሰው ፊት መብላት አሳፍሯት ከሥራ እስክትመለስ የረባ ነገር አትቀምስም።

ጎረቤቷ ሀሲና የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጣለች። ማታ አዛን ሊል ሲል፣ የራሷን ጾም ሳትፈታ፣ ለየሺሃረግ ቴምርና ሳምቡሳ በሳህን ይዛ ትገባለች። «የምስር ነው፣ ሥጋ የለውም፤ ባልሽም ይብላ» ትላለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለችው የሺሃረግ ጋደም ብላ ቴምሩን ስትውጥ፣ የግራው ነካ ያደርጋታል።

አንድ ምሽት ቸርነት ይህን ሲያይ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ።

«ደረስኩበት! የግራው ሙስሊም ነው! ቀን ይጾማል፣ በአዛን ያፈጥራል!»

«ማሻአላህ! የቀኙስ?» አለች ሀሲና።

«የቀኙ የማንንም የማይጾም ወመኔ ነው!»

«እንግዲያው የግራው የኔ ነው። የኢድ ልብሱን እኔ ነኝ የማለብሰው!»

ሳቁ ከግቢው አልፎ፣ ቸርነት እንደሚለው፣ በርበራ ወደብ ላይ መርከብ አስደነገጠ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ጎረቤቱ የሚሰበሰበው የግራው ሲያፈጥር ለማየት ሆነ። ሀሲናም ቃሏን አላጠፈችም፤ ከክንድ የማትረዝም ነጭ ጀለቢያ አሰፍታ አመጣች። የሺሃረግ ትራስዋ ሥር አስቀመጠቻት። ቀን ጋደም ብሎ የማዳመጡ ነገር ግን እየተረሳ ሄደ። ቀን የሚጾም ልጅ ቀን ምን ይደመጣል?

አንድ ቀን ከምታጥብበት ቤት እግሯ አብጦ በጊዜ ተመለሰች። ጋደም አለችና እጇን ወደ ግራ ሰደደች። የለም። ተገላበጠች፤ ውሃ ጠጣች፤ በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። የቀኙ ተቆጥቶ ጎድኗን ደበደበ። የግራው ዝም።

ቸርነት ከሥራ ሲገባ ነገረችው።

«የግራው ዛሬ አልተሰማኝም።»

«መቼ ቀን ተሰምቶሽ ያውቃል? ሰውየው ጾም ላይ ነው። ልታስፈስኪው ነው እንዴ?» ብሎ ልስን የነካው እጁን ሊታጠብ ወጣ።

አዛን አለ። ሀሲና ሳህኗን ይዛ፣ ጎረቤቱም ተከትሏት ገባ። የሺሃረግ ቴምሩን ዋጠች። ሁሉም ዓይኑን ሆዷ ላይ ተክሎ ጠበቀ። በግራ በኩል አንዳች ነገር ገፋ አደረጋት።

«አፈጠረ!» አለ ቸርነት። እልልታው ቀለጠ።

የሺሃረግም አብራ ሳቀች። እጇ ግን አልሳቀም። የግራው እንዲህ አይደለም፤ እሱ ከታች ነካ አድርጎ ይተዋል። ይሄ ከላይ ተንሸራትቶ የመጣ፣ የቦክሰኛው ረጅም እግር መሰላት። ልትናገር አፏን ከፈተች። ያን ሁሉ የደስታ ፊት ስታይ ግን መልሳ ዘጋችው። ነገ አያለሁ አለች በልቧ።

በማግስቱ ሥራ አልሄደችም። ቀኑን ሙሉ እጇን ከግራ ጎኗ ሳታነሣ ዋለች። አዛን አለ፣ ሳህኑ መጣ፣ ቴምሩ ተዋጠ። የቀኙ ጨፈረ። የግራው የለም። ቸርነት አንድ ቀልድ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ መሐል ላይ ተወው። ያፈጠረበትን አፍ ያልጠረገ ባጃጅ ነጂ ለምነው ወደ ናይማ በረሩ።

ናይማ መሣሪያዋን በቀኝ በኩል ስታኖር የልብ ምቱ እንደ ጋሪ ፈረስ ክፍሉን ሞላው። ወደ ግራ አዞረችው። ዝቅ አደረገችው፤ ከፍ አደረገችው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የራሷ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ሐኪም ተጠርቶ በአልትራሳውንድ አየና አንገቱን ደፋ።

«ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማሽ መቼ ነው?» አለች ናይማ።

የሺሃረግ ባሏን አየችው።

«ትናንት… አይ፣ ትናንት እንኳ…» አለ ቸርነት። «ቀን አይንቀሳቀስም ነበር። እኛ ጾመኛ ነው ብለን…»

ናይማ ሲጠሯት ከማፍጠሪያዋ ላይ ነበር የተነሣችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«ልጅ ጾም የለበትም፣ ወንድሜ» አለችው።

ቸርነት ግድግዳውን ይዞ ቁጢጥ አለ።

«ትናንት ብመጣ ይተርፍ ነበር?» አለች የሺሃረግ።

«አላውቅም። ውሸት አልነግርሽም፣ አላውቅም» አለችና ናይማ እጇን ያዘቻት። «አሁን የቀኙ አለ። ለመወለድ ገና ነው። እንግዴ ልጃቸውም ከረጢታቸውም የየራሳቸው ስለሆነ እዚያው ሆኖ ይደግ፤ አንቺ ስሚልኝ።»

ስለዚህ የሺሃረግ የሞተውንና ያለውን አንድ ላይ ተሸክማ ከረመች። ሥራ ተወች። በቀኟ ያለው ትንሽ ዘግየት ካለ ተነሥታ ናይማ ጋ ትሄዳለች፤ ልጁ ደህና ሆኖ ሳለ በከንቱ የተመላለሰችው መንገድ ቢደመር ከሐርጌሳ ጅጅጋ ደርሶ መልስ ይሆናል። ኢድ መጣ። ሀሲና አዲስ ልብስ አልለበሰችም፤ ሳህኗን አስቀምጣ፣ ከየሺሃረግ አጠገብ ተቀምጣ ቆይታ ሄደች። ቸርነት ግድግዳ መለሰኑን ቀጠለ፤ ሠራተኞቹ ግድግዳው ምን ይዞት እንደቆመ ግራ ገባቸው።

የወሊዱ ቀን ቦክሰኛው ሴት ሆና ወጣች፤ ክፍሉን በጩኸት አናወጠችው። ከኋላዋ ወንድሟ በዝምታ መጣ። ናይማ ትንሿን ጀለቢያ ከየሺሃረግ እጅ ተቀብላ አለበሰችው። ያቺ ትንሽ ልብስ እንኳ ሰፋችበት። ቸርነት አቅፎት ወጣና፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በገዛ እጁ ቆፍሮ፣ አፈሩን እንደ ልስን በመዳፉ አለስልሶ ተመለሰ።

ልጅቱ አሁን ቀን ቀን ትተኛለች፤ መግሪብ፣ የማታው አዛን፣ ሲደርስ ነቅታ ታለቅሳለች። ሊጠይቅ የመጣ አንድ ጎረቤት አይቶ «ይቺ ደግሞ…» ሲል ሀሲና በክርኗ ጎሰመችው።

የሺሃረግ እሷን አስተኝታ ሁለት ልብስ እንኳ አጥባ አትጨርስም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትመጣና የልጅቱ ደረት ላይ ታሳርፋለች። ሰላም የሆነ እንቅልፍ ነው፤ ትንፋሿ ይወጣል፣ ይገባል። አይበቃትም።

«ልቀስቅሳት?» ትላለች ባሏን እያየች።

ቸርነት የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም አይላትም። እሱም ይጎነበስና የልጅቱን ውስጥ እግር በጣቱ ይኮረኩራል። ልጅቱ ተቆጥታ ትራገጣለች።

«አለች» ይላል።