አርባ አንድ በአንድ ትንፋሽ

ሲስተር ኢንሽራህ አዲስ ነርሶችን ስታስተምር ምሳሌ ፍለጋ ሰው ቤት አትሄድም፤ የራሷ ጉድ ይበቃታል። "ሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ከዚያ ውስጥ አራት ቀን ሙሉ አህያ ነበርኩ" ትላቸዋለች። ስቀው ሲጨርሱ የረዪስ ዘናቲን ነገር ታነሳለች።

በሰዒድ አገር፣ በደቡብ ግብፅ፣ ረዪስ ዘናቲን የማያውቅ የለም፤ ረዪስ ማለት የነፊዎች አለቃ ነው። ሚዝማር የሚሉትን የሠርግ መለከት ነፊ ነው። እሱ ካልነፋ ሠርጉ ሠርግ አይባልም፣ ፈረሱ አይጨፍርም፣ ዱላ የሚጋጠሙት ሽማግሌዎችም ከተቀመጡበት አይነሱም። ይህን ሰው አንድ ጠዋት አምስት የወንድሙ ልጆች በብርድ ልብስ ተሸክመው አመጡት። ሕመሙ በጀመረው ቀን እግሩ ደነዘዘ፣ በሁለተኛው መቆም አቃተው፣ በሦስተኛው እጁ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት ተወ። ዶክተር ቢሾይ በመዶሻው ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ "ጊላን ባሬ ነው" አለ። ሚስቱ ሲቱሁም ምንም አልገባትም።

"የሰውነቱ ዘበኛ አብዷል" አለቻት ኢንሽራህ። "ሌባውን ትቶ የቤቱን የመብራት ሽቦ እየበጣጠሰ ነው። መድኃኒቱን ስንሰጠው ዘበኛው ልብ ይገዛል፣ ሽቦውም ቀስ እያለ ይቀጠላል። የምንፈራው እስከዚያ መተንፈሻው ጋ እንዳይደርስ ነው።"

ስለዚህ ዋናው ሥራ ትንፋሹን መጠበቅ ነበር። የሳንባ አቅም መለኪያው ለጥገና ከሄደ አራት ወሩ ነው። ደግነቱ ያለ ማሽን የሚሠራ ዘዴ አለ፤ በሽተኛው አየር በደንብ ይስብና ድጋሚ ሳይስብ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ከሃያ በታች ከወረደ ያሳስባል። ወደ አሥር ከተጠጋ በጉሮሮው ቱቦ አስገብቶ ማሽን እንዲተነፍስለት ማድረግ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ በሽታ ላይ አይታመንም፤ ሰውየው ጠርዝ ላይ ቆሞም "ደህና ነው" ይላል። ኢንሽራህ መለኪያ እንደሚዋሽ በማወቋ ትኮራ ነበር፤ በሽተኛም ሊዋሽ እንደሚችል ግን አላሰበችም።

"ረዪስ፣ በአንድ ትንፋሽ ይቁጠሩልኝ" አለችው።

"እኔን? ሲስተር፣ ዓሣን ዋኝ ትይዋለሽ እንዴ?"

ሠላሳ አራት ቆጠረ። አራተኛው አልጋ ላይ የተኛው የኩላሊት ጠጠር ያለበት አስተማሪ ደህና ሳንባ ይዞ ሃያ ዘጠኝ ላይ ስለተሸነፈ ክፍሉ አጨበጨበ። ኢንሽራህም "ማሻላህ፣ ከክፍሉ አንደኛ ወጥተዋል" አለች። ምላሴን ያን ጊዜ በቆረጠው፣ ትላለች አሁን።

በማግስቱ ሠላሳ ስድስት፣ ከዚያ ሠላሳ ዘጠኝ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት አርባ አንድ። ቻርቱ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ አሳምራ ሳለችው፤ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል። ፎቶ አንስታ ኩዌት ላለችው እህቷ "እኔ እጅ የገባ በሽተኛ እንዲህ ነው" ብላ ላከች።

ዶክተር ቢሾይ ቻርቱን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ። "ሊብስበት በሚገባው ሳምንት እንዴት ይሻለዋል?"

"በእንክብካቤ ነዋ" አለች።

ይቺን መልስ ስታስታውስ ዛሬም ራሷን በመዳፏ ትመታለች። ምክንያቱም የዚያን ዕለት ጠዋት ዘናቲ ጭንቅላቱን ከትራሱ ማንሳት አቅቶት ነበር። ድምፁ በአፍንጫው መውጣት ጀምሯል፣ ምራቁን መዋጥ ተስኖት ትራሱ ርሷል። ሁሉንም አይታለች። አይታም "ትራስ ይቀየር" ብላ ጻፈች።

በጠያቂ ሰዓት ሲቱሁም በፀሐይ የቦካ ዳቦና ሙሉኺያ የሚሉትን የቅጠል ወጥ ይዛ መጣች። ኢንሽራህ ትን እንዳይለው ፈርታ ከለከለቻት፤ ሲቱሁም አኮረፈች።

"ምግብ ትከለክይዋለሽ፣ ቆጠራ ግን ታስቆጥሪዋለሽ። ከቆጠረ በኋላ እኮ ላብ ያሰምጠዋል።"

"አርባ አንድ ነው የደረሰው። ጎበዝ ባል ነው ያለሽ።"

"አርባ አንድ ምን አላት? ሠርግ ላይ ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ ይነፋ የለም እንዴ?"

"ሳይተነፍስ?"

"ሰው አይደለም እንዴ? በአፍንጫው እየሰረቀ ነዋ። ጉንጩ ሲነፋ አፍንጫው ይስባል፣ ነፊ ሁሉ እንደዚያው ነው። ላንቺም እንደዚያ ነው የሚቆጥርልሽ። ጠጋ ብለሽ ብትሰሚ ሽው ይላል።"

ኢንሽራህ ወደ አልጋው ዞረች። እሷም የዚያው አገር ልጅ ናት። በራሷ ሠርግ ሚዝማሩ ከአባቷ በር እስከ ባሏ በር አንዴም ሳያቋርጥ ሸኝቷታል፤ ነፊው አየር ከየት እንደሚያመጣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም። ጥያቄ የማትጠይቅ ሙሽራ አድጋ ጥያቄ የማትጠይቅ ነርስ ሆነች።

አልጋው አጠገብ ሄደች። "ረዪስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አፍንጫዎን ልይዝ ነው።"

ዘናቲ ሚስቱን አያት። "አንቺ ወሬኛ" አለ በሰለለ ድምፅ።

አፍንጫው ተይዞ ቆጠረ። ዘጠኝ ላይ ቆመ።

"ለምን ይዋሹኛል?"

"አንደኛ ወጥተዋል አልሽኝ።" አረፍ አለ። "ደግሞ ቱቦው አለ። ጉሮሮዬ ከገባ… አልነፋም ከእንግዲህ። ካልነፋሁ ደግሞ… ምንድን ነኝ?"

"የሞተ ሰው ሚዝማር ሲነፋ አላየሁም" አለች። ደረቅ መልስ ነበር፤ ሌላ አልመጣላትም። "ቱቦው ይወጣል ረዪስ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሕክምናውን ውድድር ያደረግኩት እኔ ነኝ። አሁን እውነቱን ይስጡኝ።"

ዓይኑን ጨፈነ። "አስገቡት።"

ከወለደች ወዲህ ሮጣ የማታውቀው ሴት በነጠላ ጫማ ኮሪደሩን ሮጠች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቱቦው በእርጋታ ገባ። ዶክተር ቢሾይ ጓንቱን እያወለቀ "እስከ ማታ ብንቆይ ኖሮ…" ብሎ ተወው። እንዲቆጣት ቆማ ጠበቀች፤ ወጣቱ ዶክተር ጨዋ ነውና ሻይ አዘዘላት። ያ ሻይ ከስድብ በላይ አቃጠላት።

ዘናቲ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አሥራ ሁለት ቀን በማሽን ተነፈሰ። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው አይንቀሳቀስም እንጂ ሁሉን ይሰማል፣ ሕመሙም ይሰማዋል። ስለዚህ ኢንሽራህ ከሥራ ሰዓቷ በፊት እየመጣች ታወራዋለች፤ ሲገለብጡት ደም ግፊቱ እየወጣ ስለሚወርድ "ቀስ በሉ" እያለች ሰው ታሰለቻለች። የራሷንም አህያነት ከነአረንጓዴ እስክሪብቶው እየደጋገመች ነገረችው። አንዴ ዓይን መጨፈን "አዎ"፣ ሁለቴ "አይ" ነበር።

"ረዪስ፣ ይቅር ብለውኛል?" አለችው አንድ ቀን።

ሁለቴ ጨፈነ። ኢንሽራህ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ጠየቀች፤ አሁንም ሁለቴ። በሦስተኛው ቀን ሲቱሁም ሳቀችባት። "ኧረ እየቀለደብሽ ነው እህቴ። ቢቀየምሽማ ዓይኑን ጭራሽ አይገልጥልሽም ነበር።"

ቱቦው ወጣ። በሰባተኛው ሳምንት፣ ወደ ድሮው አልጋው ከተመለሰ በኋላ፣ ኢንሽራህ ቻርቱን ከጀርባዋ ደብቃ መጣች። ይቁጠሩ ማለት አፈረች።

"ምን ደበቅሽ? አምጪው" አላት።

እጇን ወደ አፍንጫው ስትዘረጋ "ተይ" አለ። ቀኝ ክንዱ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሳ። በየሁለት ሰዓቱ አንስታ ትራስ ላይ ታስቀምጠው የነበረው ያ ክንድ እየተንቀጠቀጠ፣ ግማሽ መንገድ ላይ እያረፈ ወጣ። ሲቱሁም እንዳታግዘው የራሷን እጅ በጉልበቷ መሃል ጨመቀች። ሁለት ጣቶች አፍንጫውን አገኙትና ያዙት።

ቆጠረ። አራተኛው አልጋ ላይ ያለው አዲስ በሽተኛ ጭምር አብሮ እየቆጠረ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ሁሉም ሃያን ጠበቀ። ዘናቲ ጣቶቹን ለቀቀ፣ ክንዱም ወደቀ።

"ሃያ አልደረስኩም" አለ። "አሥራ ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ። አልሰረቅኳትም።"

ኢንሽራህ ጻፈች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ መስመሩ ስላልታያት ቁጥሩ ጠማማ ነው፤ ለአዲሶቹ ነርሶች የምታሳየው ቻርትም ይኸው ነው።