በባጃጅ የሚፈተን ዘፈን

የከሚሴዋ ሳቢራ የዘፈኖቿን ግጥምም ዜማም ራሷ ሠርታ፣ ቤቷ ውስጥ ራሷ ትቀዳቸዋለች። ፖፑንና ሮኩን ከክላሲካል ቫዮሊን ጋር ስለምታዋህደው ጓደኞቿ «ማን ሊሰማሽ ነው?» ይሏታል። ስለዚህ አዲስ ዘፈን ከመልቀቋ በፊት ባጃጅ ነጂ በሆነው ወዳጇ በቶፊቅ ባጃጅ ውስጥ ታስከፍተውና የእሷ መሆኑን ሳትናገር እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ትቀመጣለች። አንድ ተሳፋሪ «ቀይረው» ካለ ያ ዘፈን አይወጣም።

ባለፈው ሳምንት እማማ ዘምዘም ከገበያ ሲመለሱ አጠገቧ ተሳፈሩ። ጊታሩ ሲጮህ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ሳቢራ «ቀይረው» እስኪሉ ጠበቀች። ቫዮሊኑ ሲገባ ግን ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘነበሉ።

«እማማ፣ ደርሰናል» አላቸው ቶፊቅ ባጃጁን አቁሞ።

«ቤቴ የትም አይሄድ። ልጅቷ ትጨርስ» አሉት።

ዘፈኑ ሲያልቅ ወረዱና ወደ ሳቢራ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ? አልወደድሽውም?»

«አሁን ወደድኩት» አለች ሳቢራ። በማግስቱ ለቀቀችው።