ባሕር ዳር ያልደረሰው መርዶ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ባለቤቴ ፈንቴ ካረፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ሲያዩት ትልቅ ነገር አይደለም፤ የስልክ ንግግር ነው። ግን ቤት ውስጥ ብቻዬን በተቀመጥኩ ቁጥር ስለሚመጣብኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ፈንቴ ስኳር ነበረበት። በመጨረሻው ዓመት ለክትትል ባሕር ዳር መመላለሱ ስለከበደው ሐኪሙ እዚያው ሆኖ በስልክ ያየው ነበር። ክፍያውን የሚሸፍነው የቁጠባ ማኅበራችን የገባልን የጤና መድን ነው። ካርዱ የቤተሰብ ሆኖ የወጣው በእሱ ስም ነው፤ እኔ ከሥሩ ነኝ።

ሐኪሙ ከመቅረቡ በፊት ዝናሽ የምትባል የክሊኒኩ መዝጋቢ ትደውላለች። እሷ በትክክል መዝግባ ካልላከች መድን ድርጅቱ አይከፍልም። ስለዚህ በየወሩ ያንኑ ትጠይቃለች። ስምዎ ከነአባትዎ ማን ነው፣ አሁን የት ነዎት፣ ክፍሉ ውስጥ ከእርስዎ ጋር ማን አለ፣ የምንገናኘው በምስል ነው ወይስ በድምፅ ብቻ። በምስል ከሆነ አንድ ኮድ አለው፣ በድምፅ ብቻ ከሆነ ሌላ።

ፈንቴ ጥያቄዋን ይወደው ነበር። "ባለፈው ወር የነገርኩሽ የአባቴ ስም ጠፋብሽ? ወይስ አባት ቀይሮ ይሆናል ብለሽ ነው?" ይላታል። ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ ስትጠይቀው ደግሞ "ዘበኛዬ አለች፤ ስኳር እንዳልሰርቅ ትጠብቀኛለች" ይላል። ልጅቷ እየሳቀች ትመዘግባለች። በአካል ተያይተው አያውቁም።

መጋቢት ላይ ዝናሽ ለወሊድ ወጣች። ሚያዝያ ላይ ፈንቴ አረፈ። ለባሕር ዳሩ ክሊኒክ መንገር ማንም ትዝ አላለውም፤ ከዚያም የደወለ የለም።

ሐምሌ ላይ ጉልበቴ አስቸገረኝ። ዝናቡም ከቤት አላስወጣ ሲለኝ በፈንቴ ስልክ ወደ ክሊኒኩ ደወልኩ። ስልኩን አሁን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ዘመድ አዝማዱ የሚያውቀው ያንን ቁጥር ነው። ያነሳው ሰው ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ ቁጥሩን አይቶ ወደ ሐኪሙ አስተላለፈኝ። ሐኪሙ አዲስ ነው። ስለ ጉልበቴና ስለ ደም ግፊቴ ጠየቀኝ፣ መድኃኒት አዘዘልኝ፣ መድን ድርጅቱ ሲፈቅድ ማዘዣው ይላክልዎታል አለኝ። ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኩ ጠራ። ዝናሽ ናት።

"እትዬ፣ እንዴት ከረሙ? ወልጄ ተመለስኩ እኮ፤ ወንድ ነው። ለጋሼ ይንገሩልኝ። ጣና ዳር ዓሣ እጋብዝሻለሁ ብለውኝ የውኃ ሽታ ሆኑ፤ አሁን የሚጋብዙት ሁለት ሰው ነው ይበሏቸው።"

እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኳት። ሌላ ቃል ሳልጨምር እሷው ቀጠለች።

"መድን ድርጅቱ የሐምሌውን ሕክምና ሳይከፍል መለሰብን። በጋሼ ስም ተመዝግቧል፣ የተጻፈው ግን ስለ ጉልበትና ስለ ግፊት ነው፤ ስለ ስኳራቸው ምንም የለም። የታከመው ማን እንደሆነ ካልተስተካከለ ማዘዣውም አይወጣም። እስኪ ስልኩን ይስጧቸውና ልጠይቃቸው።"

የፈንቴን ሞት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኛ ዘንድ ባለቤቲቱ አትናገርም፤ ዘመዱን ሁሉ በማለዳ ሄደው ያረዱት ሽማግሎች ናቸው። እኔ ጋ የመጣ ሁሉ አውቆ ነው የመጣው። ዝናሽ ዘንድ ግን ፈንቴ ገና በሕይወት ነበረ። እሱ በሕይወት ያለበት የመጨረሻው ቦታ ያ መሰለኝ፤ የምዘጋውም እኔው ልሆን ነው። በዚያ ላይ ለምታጠባ ልጅ መርዶ እንዴት ይነገራል?

"ልጁን ይዘሽው ነው?" አልኳት።

"የለም፤ ከእናቴ ጋር ቤት ነው።"

"አጠገብሽ ሰው አለ?"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የእኔ ጥያቄ ነው" ብላ ሳቀች። "አንዲት ነርስ አለች።"

"እስኪ ቁጭ በይ፣ ልጄ።"

ሳቋ ተቋረጠ። ቀስ ብላ "መቼ?" አለችኝ።

"ሚያዝያ ላይ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ።"

ማልቀሷን ሰማሁ። ነርሷ "ምን ሆንሽ?" ስትላት "ሰው ሞቶብኝ ነው" አለቻት። ታካሚ አላለችም።

"በቃ ልጄ፣ ልጅሽን አስቢ፣ ጡትሽ ይደርቃል" አልኳት። እስከዚያች ቀን ድረስ አይዞሽ የምባለው እኔ ነበርኩ፤ ሰው ሳጽናና የመጀመሪያዬ ነው።

ስትረጋጋ ይቅርታ ጠይቃኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የተሳሳተው ተሰርዞ በእኔ ስም እንደገና መመዝገብ አለበት። ስሜን ከነአባቴ ነገርኳት። ደብረ ታቦር፣ ቤቴ ነኝ አልኳት። በድምፅ ብቻ ነው አልኳት። ክፍሉ ውስጥ ማን አለ ስትለኝ "ማንም የለም" አልኩ። መጻፊያውን ስትነካካ ይሰማኛል። "የጋሼን የክሊኒክ መዝገብ ዘግቼዋለሁ" አለች በመጨረሻ።

ልንሰነባበት ስንል "አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ይሄ አይመዘገብም" አለችኝ። "የክርስትና ስማቸው ማን ነበር? ለሰፈራችን ቄስ ለጸሎት ልስጥላቸው።"

"ሀብተ ማርያም" አልኳት። ከፍትሐቱ ቀን ወዲህ በአፌ ጠርቼው አላውቅም ነበር።

ማዘዣው በማግስቱ መጣ። ጉልበቴም ተሻለው።

ተጽናናሁ ለማለት አይደለም የምጽፈው። ቤቱ ዛሬም ዝም ያለ ነው፤ ሲያካፋ ደግሞ ይብስበታል። ሆኖም ለልቅሶ የመጡት ብዙዎቹ እኔን ብለው የመጡ ናቸው። ያቺ ልጅ ያለቀሰችው ለእሱ ነው። ስሙን ለየትኛው ደብር እንደሰጠች ልጠይቃት ብዬ ተውኩት። ሳላውቀው ይሻለኛል፤ አሁን ባሕር ዳር ያለው ደብር ሁሉ ሀብተ ማርያም ብሎ የሚጠራው ይመስለኛል።