እምቢ የሚል ኢንሹራንስ ፍለጋ

ለአሮጌ መኪና በደህና ዋጋ ኢንሹራንስ የሚያስገባ ያጣ ሰው ሲያማርር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔን ያማረረኝ ግን እምቢ የሚል ማጣቴ ነበር። ያን ሰሞን ከአባዬ ጋር የኢንሹራንስ ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት በልቤ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ጨዋነት የጎደለው ሠራተኛ አግኝተን ፊት ለፊት «አይሆንም» እንዲለን። እንዲህ ዓይነት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የሚጠፋ አይመስለኝም ነበር። የሆነ ጉዳይ ላስፈጽም በወጣሁ ቁጥር የማይገጥመኝ ጊዜ የለም። ስፈልገው ግን ከከተማው ጠፋ።

አባዬ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው የሂሳብ መምህር ናቸው። መንግሥት እሳቸውን ጡረታ ካወጣ ቆይቷል፤ ቮልሳቸውን ጡረታ የሚያወጣ ግን አልተገኘም። ውሃ ሰማያዊ ናት፣ እኔ ሳልወለድ ነው የተገዛችው፣ ከልጆቻቸውም ይልቅ ለእሷ እንደሚያደሉ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ቤታችን ከእጽዋት ማዕከሉ በታች ዳገቱ ላይ ስለሆነ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ስትወርድ ድምፅዋ ሰፈሩን ቀድሞ ያስጠነቅቃል። ይህም ጥሩ ነበር፤ ምክንያቱም ዞር ማለት ያለበት ሰፈሩ ነው።

ችግሩ ቮልሷ አልነበረችም። ችግሩ አባዬ አያዩም። ፈጽሞ አያዩም ማለቴ አይደለም። ብርሃንና ጨለማን ይለያሉ፣ በሁለቱ መሃል ያለውን ደግሞ በግምት ይሠሩታል። አንድ ቀን ጠዋት መንገድ ላይ መኪናዋን ቀጥ አድርገው አቆሙና በእጃቸው ምልክት እየሰጡ «ይለፉ እናቴ፣ ይለፉ» አሉ። ረጅም ጊዜ ጠበቅን። እናትየው አላለፉም። አረንጓዴ የቆሻሻ ገንዳ ነበሩ።

ገንዳው አሳቀን። የሐጂ በር ግን አላሳቀንም። ሐጂ ከእኛ በታች ያለው ሱቅ ባለቤት ናቸው። አባዬ አንድ ከሰዓት በኋላ እኔን ይዘው ወደ ቤት ሲመለሱ መታጠፊያውን ሳቱና የሐጂን የግቢ በር ገጩ። ሐጂ ከሱቃቸው ሮጠው ወጥተው የተጨረማመተውን ቆርቆሮ አንዴ፣ አባዬን አንዴ አዩና «ኧረ ምንም አልሆነም፣ በሩ ድሮም ጠማማ ነው» አሉ። በሩ ከተሠራ ሳምንት አልሞላውም። አባዬም አመስግነው ወደ እኔ ዞር አሉና «በሩን ወደ መንገዱ አስጠግተውታል፣ አይተሻል?» አሉኝ። እኔም አይቻለሁ አልኩ። ከዚያ በር ሥር ሁልጊዜ የሰፈሩ ሕጻናት ቁጭ ብለው ብይ ይጫወታሉ። ያን ዕለት ዝናብ ስለነበረ ነው ያልነበሩት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

እንግዲህ አንድ ሰው «አባዬ፣ ከእንግዲህ አይንዱ» ማለት ነበረበት። ሦስት ልጆች ነን፤ ሦስታችንም አፍ አለን፣ ሌላ ቀን ያስቸገረን ይሄው አፋችን ነው። ታላቅ ወንድሜ «ጉዳዩ በጥበብ መያዝ አለበት» አለ። እሱ በጥበብ ሲል ሌላ ሰው ይናገር ማለቱ ነው። ታናሼ «እኔ ብነግራቸው ልባቸው ይቆማል» አለ። ስምንተኛ ክፍል እያለም የፈተና ውጤቱን የሚደብቀው ለአባዬ ልብ አዝኖ ነበር። እኔ ደግሞ «እናንተ ወንዶች አይደላችሁ፣ እናንተ ንገሯቸው» አልኩ። ስለ ሴቶች እኩልነት ያለኝን ጠንካራ አቋም ለዚያች አንድ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ሰጠሁት።

እንዲህ ተፋጠን ሳለ አባዬ ራሳቸው ገላገሉን። እራት ላይ «የሐጂ በር ነገር አሳስቦኛል» አሉ። ሦስታችንም መብላት አቆምን። «ሦስተኛ ወገን ብቻ አይበቃም። ሙሉ ኢንሹራንስ ልትገባ ይገባል። ሙሉ ሳትገባ ቮልሷ ከዚህ ግቢ አትወጣም፤ ለኢንሹራንሱ ጉዳይ ካልሆነ በስተቀር።»

ታላቄ ፊቱ በራ። አባዬ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ ወደ እኛ ጠጋ ብሎ አስረዳን። ይህን ያህል ያረጀች መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ የሚያስገባ ሰው የለም፤ ለእሷ ቢገኝ እንኳ ለእሳቸው አይገኝም። እምቢ ይባላሉ። እምቢ ከተባሉ ደግሞ በራሳቸው አንደበት አልነዳም ብለዋል። እኛ አጠገባቸው ሆነን አብረን እናዝናለን። በቃ፣ ሌላው ሰው ለጋብቻ ጥያቄ ሽማግሌ እንደሚልክ እኛ ለአባታችን ኢንሹራንስ ልንልክ ተስማማን። አብሬያቸው እንድሄድ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱ እኔን አይቆጡኝም የሚል ነው፤ ይህንን የወሰኑት ተቆጥተውኝ የማያውቁበት ቤት ያደጉ ይመስል።

የሚሄደው በቮልሷ ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ «ያቁሙ» ማለት አልችልም፤ ማለት ብችልማ ኖሮ መጀመሪያውኑ ቢሮ ለቢሮ ባልዞርን። ስለዚህ መንገዱን ወሬ አስመስዬ አወራላቸው ነበር። «ከፊታችን የቆመው አይሱዙ ጭነቱ እንዴት ያለ ነው እባክዎ፣ ፈጽሞ የሚንቀሳቀስም አይመስል።» ፍሬን ይይዛሉ። «ልጅቷ ጃንጥላዋ ያምራል፣ ይሄው እያቋረጠች ነው።» ይጠብቃሉ። «ይሄ መብራት ደግሞ ቀይ ሲሆን አይለቅም።» አባዬ «እህ» ይላሉ፣ ይቆማሉ።

የመጀመሪያው ቢሮ ውስጥ የተቀበለን ወጣት ሊብሬውን ሲያይ በደስታ ጓደኞቹን ጠራ። ከዚያ የቮልሷን ዘመን ኮምፒውተሩ ላይ ሊያስገባ ሞከረ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ዓመታት ወደኋላ እስከዚያ አይደርሱም። «እ... ማለቴ አባባ፣ ሲስተሙ ትንሽ እያስቸገረን ነው» አለ። ከአባዬ ጀርባ ቆሜ ራሴን በኃይል ነቀነቅኩለት፤ አይሆንም በላቸው እባክህ ማለቴ ነው። ልጁ ሐዘኔ ገባውና «አይዞሽ እህቴ፣ መላ አናጣለትም» አለኝ። ለአባዬ ደግሞ «ነገ ብቅ ይበሉ» አላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ «ነገ ብቅ ይበሉ» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። አባዬ በማግስቱ ብቅ አሉ። በሦስተኛውም ቀን። ልጁ በሦስተኛው ቀን ስንገባ አይቶ በጓሮ በር ወጣ።

ሁለተኛው ቢሮ ሥራ አስኪያጇ ራሷ ተነስታ ሻይ አስቀዳችልን። «እርስዎን ሳይ አባቴን ነው የማየው» አለች። እኔም ተስፋዬ እዚያው ሞተ። መኪናዋን የሚያይ ገማች ላከችልን። ገማቹ ቤታችን መጣ፣ ቮልሷን ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ሞተሩን ሊያይ የፊቱን ክዳን ከፈተና የአባዬን ጃንጥላና አንድ ድንች የተረፈበት ዘምቢል አገኘ። ሞተሩ ከኋላ መሆኑን አባዬ እንደ ተማሪ አስረዱት። ሲሄድ እጃቸውን ጨብጦ «አባባ፣ እንዲህ ያለ ቅርስ ዋጋ አይወጣለትም» አላቸው። በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ዋጋዋ ዜሮ ነው ማለቱ ነበር። አባዬ ግን ያን ሳምንት ለሰፈሩ ሁሉ «ባለሙያ መጥቶ ዋጋ አይወጣላትም አለኝ» እያሉ ሲያወሩ ከረሙ።

ሦስተኛው ቢሮ እምቢታውን በዋጋ ነገረን። የጠየቁት ክፍያ ሌላ ቮልስ ሊገዛ ምንም አይቀረውም። እኔ በልቤ እሰይ አልኩ፣ ፊቴን ግን አሳዘንኩ። አባዬ «ሰቅለውታል» አሉ በእርጋታ፣ ቲማቲም የተወደደባቸው ይመስል፤ «ሌላ ጋ እንጠይቅ»። ቤት ስንደርስ ለወንድሞቼ ደውዬ ጮህኩባቸው። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ተማክሮ አባቴን ያከብራል፣ በዚህ አክብሮት መሃል አንድ ቀን ሰው ይሞታል አልኳቸው። ታላቄ «ታገሺ፣ በጥበብ» አለኝ።

ወደ መጨረሻው ቢሮ የመሩን ራሳቸው ሐጂ ናቸው። የጭነት መኪናቸውን እዚያ አስገብተው ዋጋው ደህና ሆኖ ስላገኙት፣ አዲሱ ገበያ ከብርድ ልብስ መሸጫው በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ለአባዬ ጠቆሟቸው። በሩን ያስጠገነው ሰው ለገጨው መኪና ኢንሹራንስ ሲያፈላልግ እንግዲህ ምን ይባላል። አመስግነን ሄድን።

ቢሮው አንድ ክፍል ነው። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ጉንፋን ይዟት በሶፍት አፍንጫዋን እየጠረገች ቀና አለች። አልተነሳችም፣ ፈገግ አላለችም፣ «ተቀመጡ» ብቻ አለች። ሊብሬውን እንደ ማንኛውም ሊብሬ አየችው። ወደድኳት።

«ትሄዳለች?» አለች።

«ትሄዳለች» አሉ አባዬ።

«ምን ትሠራላችሁባት?»

«እሁድ ቤተ ክርስቲያን። ለቅሶ ሲኖር ለቅሶ። አልፎ አልፎ ሆስፒታል።»

«ማነው የሚነዳት?»

ከዚህ በፊት የዞርንባቸው ሰዎች ሁሉ ስለ ቮልሷ ዕድሜ፣ ስለ ቮልሷ ቀለም፣ ስለ ቮልሷ መለዋወጫ ጠይቀውናል። ማን እንደሚነዳት የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነዋ። አሁን አባዬ «እኔ» ይላሉ፣ እሷ መነጽራቸውን ታያለች፣ አይሆንም ትላለች፣ አልኩ።

አባዬ መነጽራቸውን አወለቁና በከራቫታቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። «እኔ ነበርኩ» አሉ። «አሁን ዓይኔ አያይም። የዓይን ሐኪሙም ካቻምና ነግሮኛል፣ አይመለስም ብሎኛል። እዚህ ድረስ የመጣሁትም በዚች ልጅ ወሬ ነው። የምትነዳው እሷ ናት። መንጃ ፈቃድ አላት። መንዳቱን ግን እምብዛም አትችለውም፤ ሙሉ የፈለግኩትም ለዚሁ ነው።»

መንጃ ፈቃድ እንዳለኝ የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ካወጣሁት ወዲህ የተጠቀምኩበት መታወቂያ ሲረሳኝ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። እያወቁ ነበር። ያን ሁሉ ቁልቁለት፣ ያን ሁሉ ሕጻን እያወቁ ነበር። «አባዬ፣ ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ልነግራችሁ ስነሳ ሦስታችሁም ፊታችሁን ታዞራላችሁ» አሉ። አልተቆጡም። «የምትፈሩት ነገር እንዳለ ታየኝ። ዓይኔ ቢያቅተውም እሱ አይጠፋኝም። እናንተ እየፈራችሁ እኔ እንዴት ልናገር? ለማያውቁት ሰው ይቀላል።»

ያኔ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፣ በቦታው እፍረት ተቀመጠ። እኛ እሳቸውን ተው እንዲልልን የማናውቀው ሰው ስንፈልግ፣ እሳቸውም ለእኛ እንዲነግርላቸው ያንኑ ሰው ይፈልጉ ኖሯል። ወዲያና ወዲህ ሆነን አንዲት ጉንፋን የያዛት ሴት ላይ ተገናኘን።

ሴትየዋ ቀና ሳትል እጇን ዘረጋች። «መንጃ ፈቃድሽን።»

ቮልሷ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ብቻ የምትወጣ ከሆነች፣ ዋጋዋን ተስማምተን ባወጣነው ግምት ልታስገባን እንደምትችል ነገረችን። ክፍያው የማይጎዳ ነበር። አባዬ ቢሆንም «ትንሽ ቀንሺ» አሏት። «አይሆንም» አለች። ይህን ቃል የሰማሁት እንግዲህ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ስንወርድ አባዬ በልማዳቸው ወደ መሪው በኩል ሄዱ። በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። ከዚያ የቮልሷን ክዳን በመዳፋቸው እየዳበሱ በፊት በኩል ዞረው ወደ ጋቢናው ሌላ በር መጡ። መክፈቻውን ለማግኘት ትንሽ ተቸገሩ፤ በዚያ በኩል ገብተው አያውቁም። ልከፍትላቸው ስል «ተይው፣ አገኘዋለሁ» አሉ። አለቀስኩ፣ እሳቸው ስለማያዩ ተመቸኝ። መሪውን ያዝኩ፤ ዳገቱ ላይ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ፣ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀብኝ፣ ረዳቱም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሚገባኝን ተናገረኝ። አባዬ ከጎኔ «ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ነው የምትለቂው» አሉ።

ማታ ታላቅ ወንድሜ ደወለ።

«እምቢ አሏቸው?»

«ተቀበሏቸው። መንዳት ግን ትተዋል።»

«እሰይ፣ ተመስገን። ማን ደፍሮ ነገራቸው?»

«ማንም አልነገራቸውም» አልኩት። «እሳቸው ናቸው የነገሩን።»

እሱም ኢንሹራንሱ በስንት እንዳለቀ ጠየቀኝ።