ሽቶ ይዞ አደን

ፀጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «ሬዲዮ» ይሉታል። እሱም አይከፋውም፤ ነገር በሆዱ እንደማያድር ከማንም በላይ ራሱ ያውቃል። የአንዱን ጢም ሲላጭ የጀመረውን ወሬ የሚጨርሰው በተከታዩ ሰው ጭንቅላት ላይ ነው።

አደን ከተነሳ ደግሞ አለቀ። «አደን ማለት ሥርዓት ነው! መዘጋጀት ነው! ተኩሱማ ትርፍ ነው» ይላል፣ ምላጩን እያወናጨፈ። ይህን የሚለው ከውሃ መርጫው በቀር ምንም ነገር ተኩሶ የማያውቅ ሰው ነው። ጥበቡን በሙሉ የተዋሰው ስመ ጥር አዳኝ ከነበሩት ከሚስቱ አባት ነው። እሱንም የሰማው ከሚስቱ እንጂ ከሳቸው አፍ አይደለም። ሽማግሌው ልጃቸውን ከዳሩለት ጀምሮ «ደህና ነህ?» እና «በሩን ዝጋው» ከማለት አልፈው አያውቁም። ፀጉራቸውን እንኳ የሚስተካከሉት ማዶ ካለው ሌላ ሱቅ ነው። ይህ ያንገበግበዋል። አገር የሚስቀለት ሰው፣ እኚህ ሽማግሌ እንደ ሰው እንዲቆጥሩት ሲመኝ ይኖራል።

አንድ ቀን ታዲያ ሽማግሌው ምሳ በልተው እጃቸውን እየታጠቡ፣ «እሁድ አደን እሄዳለሁ። ትመጣለህ?» አሉት። እሱ ማንን እንደሚያናግሩ ለማየት ዞር አለ። ከኋላው ግድግዳ ብቻ ነበር።

ሚስቱ ጓዳ ጠርታው፣ «ወንድሞቼ የአባባ ዓይን ደክሟል እያሉ ነው። ደህና አድርገህ እያቸው እሺ? የማያዩ ከሆነ ጠመንጃውን እንወስድባቸዋለን» አለችው።

ሽማግሌው ትእዛዛቸውን ሰጡ፤ ሳሙና የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ ወሬ የለም። ሬዲዮ ሳምንቱን ሙሉ ያለ ሳሙና ታጠበ። ጃኬቱን ጓሮ ሰቅሎ ንፋስ አስመታው። ከሁሉ የከበደው ዝም ማለቱ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ሲለማመድ ደንበኞቹ ሰው የሞተበት መሰላቸው። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ እንኳ መጥቶ፣ «ከሚስትህ ተጣላህ እንዴ? አይዞህ፣ ያልፋል» ብሎ አጽናናው። ቅዳሜ ማታ መስታወት ፊት ቆመና የለየለት አዳኝ መስሎ ታየው። ሚስቱ ግን አፍንጫዋን ይዛ፣ «ሶፋው ላይ ትተኛለህ» አለችው።

እሁድ ሲነጋ ከወንዙ በላይ ካለ ቁጥቋጦ ጀርባ ተኝተዋል። ሽማግሌው አፈር ቆንጥረው ለቀቁት፤ ነፋሱ ወደ እነሱ ነበር የሚነፍሰው። ሬዲዮ ቅዝቃዜው ቢብስበት እጁን ኪሱ ከተተና ደረቀ። የተላጨ ጉንጭ የሚቀባባት ትንሿ የሽቶ ጠርሙስ! ሳምንት ሙሉ ያናፈሰው ጃኬት ኪሱ አልተፈተሸም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። «አዳኝ ነኝ ባይ!» አለ በሆዱ፤ ክዳኗን በአውራ ጣቱ ተጭኖ እጁ እስኪደነዝዝ ያዛት።

ያኔ አንድ ድኩላ መጣ። ቀንዳም ወንድ ነው፤ ጎኑን ሰጥቶ ውሃ ይጠጣ ጀመር። ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ቀስ ብለው አነሱ። አፈሙዙ ግን ያነጣጠረው ከድኩላው ርቆ፣ ባዶ ቁጥቋጦ ላይ ነበር። ድኩላው ጠጣ፣ ቀና አለ፣ ደገመ። ከዚያ ተዝናንቶ ጫካው ገባ። ሽማግሌው አሁንም ቁጥቋጦው ላይ እያነጣጠሩ ነው።

«መጣ እንዴ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ሄደ» አለ ሬዲዮ። በዕድሜው ካወራው ሁሉ አጭሩ ይህ ነው።

ሽማግሌው ጠመንጃውን ዝቅ አደረጉ። «አምና እንኳ ጥላውን አይ ነበር» አሉ። ጥይቶቹን አውጥተው መዳፉ ላይ አኖሩለት። «ከእንግዲህ አልተኩስም። ግን ልጆቹ ቀሙት መባልን አልፈልግም። ጠመንጃው ግድግዳዬ ላይ ይኑር፤ እነዚህ አንተ ጋ ይሁኑ።»

«አባባ፣ ወንዶች ልጆች እያሉዎት ለምን እኔን?» አለ ሬዲዮ።

«አንተ ብታወራ ማን ያምንሃል?»

አመመው። ግን ልክ ናቸው፤ ልክ መሆናቸው ሳቁን አመጣበት። ሽማግሌውም ሳቁ። በአካባቢው የቀረ አውሬ ካለ ያኔ ሸሽቷል።

ከሽማግሌው ቤት ሲደርሱ ሬዲዮ በሩ ላይ ቆመ። ጠርሙሷን ከፈተና ራሱ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ ጃኬቱ ላይ አራገፋት። ሽማግሌው ምን እያደረገ እንደሆነ ከሽቶው ጠረን ገባቸው፤ አስነጠሳቸውም።

ሚስቱ በሩን ከፍታ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ምን ጉድ ነው! ሽቶ ተቀብተህ ነው አደን የሄድከው?»

«ለምዶብኝ ነው» አለ ሬዲዮ አንገቱን ደፍቶ።

«ድኩላው ገና ከማዶ ሸተተው» አሉ ሽማግሌው ጠመንጃቸውን እየሰቀሉ። «ከዚህ ጋር ሄጄ ዓይን ቢኖረኝ ምን ይሠራልኛል?» ወሬውን ሊሰሙ ተሰብስበው የጠበቁት ወንድሞቿ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ስለ ዓይን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሬዲዮ ታሪኩን በገዛ አፉ ሱቁ ውስጥ ለቀቀው። በየደንበኛው ሽቶው እየበዛ ሄዶ፣ በመጨረሻ በባልዲ ሆነ። ከአሮጌ ማበጠሪያዎቹ ሥር በመሳቢያ ስለቆለፈባቸው ጥይቶች ግን ትንፍሽ አላለም። በሆዱ ያደረ የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

በዓመቱ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ ሽማግሌው በሩን እየዳበሱ ገቡ። ሬዲዮ ክንዳቸውን ይዞ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፤ ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ እሱ ዘንድ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። «እሁድ አደን ነው» አሉ ሁሉም እንዲሰማ።

«ይሄን የሽቶ ሱቅ ይዘው፣ አባባ?» አለ አንዱ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሽማግሌው ሳቁ እስኪበርድ አልጠበቁም። የሬዲዮን እጅጌ ፈልገው ያዙና አፋቸውን ወደ ጆሮው አስጠጉ።

«ሽቶህን እንዳትረሳ» አሉት።