የሩዋሪ ሙሾ በውስኪ ማስታወቂያ

ኦይሪክን አርባ ዓመት አውቃታለሁ፤ አጥር ለአጥር ነን። እኛ ደሴት ላይ ድሮ አዲስ የተሸመነ ሱፍ በቆየ ሽንት ይነከርና ሴቶቹ ጠረጴዛ ከበን፣ እየዘፈንን በመደብደብ ጨርቁን እናወፍረው ነበር። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን። አውጪዋ ኦይሪክ ናት። የፈለገችውን ሰው ስም ዜማው ውስጥ ትሰካዋለች፤ ከምላሷ ይሰውራችሁ።

ባሏ ሩዋሪ ሰክሮ ባሕር ውስጥ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ሬሳው ሲወጣ ኪሱ ውስጥ «የደሴቷ ልብ» የሚባለው ውስኪ ተገኘ። ሙሾ አወጣችለት፤ ከእኛ ጠረጴዛ ውጭ ብላው አታውቅም።

አምና ካለም የሚባል ማስታወቂያ ሠሪ ከግላስጎው መጣ፤ እኛን ጨርቅ ስንደበድብ ቀርጾ ያንኑ ውስኪ ሊያስተዋውቅ። «የባህላችን ነፍስ እናንተ ጋ ነው ያለው» ይለናል፣ ከቋንቋችን አንዲት ቃል ሳያውቅ። የጨርቁን መንከሪያ አሸተተና አፍንጫውን ያዘ።

«በውሃ ይሁንልኝ» አለ። ከዚያ መሃላችን ጠርሙስ ደረደረ። ባህላችንን ከነጠረጴዛው ወዶ ሽንቱን ብቻ ተጸየፈ። እኔ ደግሞ እሱን ተጸየፍኩት፤ እውነቴን ነው።

«አባሪልን እንጂ ይሄንን» አልኳት ኦይሪክን በጆሮዋ።

«ተይው። የሩዋሪን ሙሾ ነው የማወጣው፣ የውስኪውን ስም ጨምሬ። አገር በቴሌቪዥን ይስማው። ከሰሙ በኋላ ይህን ማስታወቂያ በምን ፊታቸው ያሳዩታል?»

እሱን ደግሞ «የማወጣውን ቃል ትርጉም ልንገርህ ልጄ?» አለችው።

«አያስፈልግም እማማ፣ ስሜቱ ይበቃል።»

ካሜራው ተከፈተ፤ አወጣች፦

«ሩዋሪን ባሕር ተፋው አፉን አሸዋ ሞልቶት፣
"የደሴቷ ልብ"ን ከኪሱ ሸጉጦት።»

ተቀበልናት። እጄ ጨርቁን ይደበድባል፣ እንባዬ ጨርቁ ላይ ይወርዳል። ካለምም ዓይኑን ጠረገ። «የውስኪያችንን ስም እንኳ ሳንጠይቃት ጠራችልን» አለ ለካሜራው ሰውዬ፣ ደስ ብሎት።

ማስታወቂያው ክረምቱን ሙሉ ታየ። የደሴቷ ሰው በሰማው ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ኦይሪክ ግን ማስታወቂያው ከቴሌቪዥን የሚነሳበትን ቀን ትጠብቃለች። በመጨረሻ «እስኪ አንቺ ደውዪለት፣ ሳያስተረጉመው ቀርቶ ይሆናል» አለችኝ።

ደወልኩና የሙሾውን ቃል አንድ በአንድ ነገርኩት።

«እናውቃለን እማማ» አለኝ። «ገና ሳይታይ አስተርጉመነዋል። ገዢው ቋንቋውን አይሰማም ብለን ተውነው። ሰዉ በጣም ነው የወደደው።»

ስልኩን ዘጋሁበት። እጄን ሁለቴ ታጠብኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ኦይሪክ ከቤቷ መጥታ በሬ ላይ ቆመች። «ምን አለሽ?»

«ስልኩን አያነሳም» አልኳት።

እስከ ዛሬ፣ ማስታወቂያው በመጣ ቁጥር ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ ትስባለች። «አሁንም አልሰሙትም ማለት ነው» ትለኛለች።