የባላምባራስ ሙላት ሁለተኛ ዓይን

ችግሩ ሲጀመር ቀላል ነበር፦ የእመቤታችን ካባ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው መቼ ነው?

እንዳላማው ይህን ጥያቄ ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣው በ1963 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ኬሚስትሪ ነበር። የጥንት ሥዕል ታሪክ የሚያስተምሩት መምህር «ቀለም የሚመረምርልኝ ተማሪ እፈልጋለሁ» ቢሉ ግን እጁን አወጣ። የመረጠውም ከሮብ ገበያ ወዲያ ያለችውን፣ የእናቱ ወገኖች የሚሳለሙባትን የገጠር ማርያም ነው።

ሥዕሉን ያሣሉት የአክስቱ የወይዘሮ የብርጓል አያት፣ ባላምባራስ ሙላት ናቸው ይባላል። ሥዕሉ ላይ እሳቸውም ሰማያዊ ካባ ደርበው ከእመቤታችን እግር ሥር ተንበርክከዋል። «ይባላል» የምትለው ቃል ታዲያ ወይዘሮ የብርጓልን ታንገበግባቸው ነበር። ጎረቤቱ «ሟች ሥዕል አያሠራም፤ ልጆቹ ናቸው ያሣሉለት» እያለ ያማቸዋል። ለምርመራው የቤተ ክርስቲያኑን መሪጌታ አካለ ወልድን ለምነው ያስፈቀዱትም እሳቸው ናቸው።

«እንዴት ነው የምታውቀው?» አሉት መሪጌታ።

እንዳላማው ደስ እያለው አስረዳ። በወረቀት ተጠቅልሎ ሱቅ የሚሸጠው ሰማያዊ ቀለም አሲድ ሲነካው ይነጣል፤ የተበላሸ እንቁላልም ይሸታል። ቀለሙን መጀመሪያ ያስመጡት የደብረ ማርቆሱ ነጋዴ የአብዱልቃኒ አባት ናቸው፤ ያኔ ባላምባራስ ሞተው ነበር። እንግዲህ ቀለሙ ከነጣ ሐሜቱ እውነት ነው፤ ካልነጣ አክስቱ ረቱ።

«ሥዕል በአፍንጫ ሲመረመር ገና ዛሬ አየሁ» አሉ መሪጌታ። «የእመቤታችንን ካባ ግን አትነካም። ባላምባራስን ንካ፤ እሳቸው እንደኛው አፈር ናቸው።»

«አፈርስ እርስዎ!» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

መጋረጃው ተገለጠ። እንዳላማው ሁሉን በየተራ አስተዋለ። በአገሩ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ኃጥእ ግን በጎኑ ስለሚሣል የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ባላምባራስ ሁለት ዓይን ነበራቸው። ከጎናቸው በተሣለው ሲኦል ደግሞ አንድ ሰይጣን ሰንሰለት ይጎትታል፤ ሰንሰለቱም ከባላምባራስ ካባ ጫፍ ደርሶ ይቆማል። ሠዓሊው መጨረስ ረስቶ ይሆናል ብሎ አለፈው።

ከአሲዱ በፊት የዕጣኑን ጥቀርሻ ማንሣት ነበረበት። ጥጥ በውኃ አርሶ ከባላምባራስ ትከሻ ወደ ጉንጫቸው ጠረገ። ለኬሚስትሪ ተማሪ ከውኃ የዋህ ምን አለ? የአገር ሠዓሊ ግን ቀለሙን የሚያጣብቀው ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ነው፤ ሙጫ ደግሞ ውኃ ሲነካው ይለቃል። ይህን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት እሱ ነበር።

ጥጡን ሲያነሣ የባላምባራስ ግራ ዓይን የለም።

ከዓይኑ ሥር ሌላ ፊት ብቅ ብሏል፤ አፍንጫው ወደ ጎን የሾለ፣ ባለ አንድ ዓይን። ካባው በለቀቀበትም የጠፋው ሰንሰለት ቀጥሎ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሟል።

የመሪጌታ መቋሚያ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የተሳለምኩት... ይኸን ነው?»

«ዓይኑን መልስ!» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። «መልስ አልኩህ!»

«አክስቴ፣ አላወቅሁም፤ ውኃ ብቻ እኮ ነው...»

«ውኃ! አያቴን ሲኦል ከተህ ውኃ ትለኛለህ?» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ግድግዳውን ተደገፉ። ሥዕሉን ለማየትም ፊታቸውን ለማዞርም አልቻሉም። ከዚያ «ይኸን ሁለተኛ ዓይን ማን ቀባው? በቁማቸው ንስሐ ገብተው አሣሉት ወይስ ሲሞቱ ልጆቻቸው ሸፈኑላቸው?» አሉ።

እንዳላማው ጥያቄው ይዞት የመጣው ጥያቄ ራሱ እንደሆነ ገባው፤ አሁን ግን የሚጠየቀው የቀለም ዕድሜ ሳይሆን የሰው ንስሐ ነው። እጁን ዘረጋ። የታጠበው ዓይንና ካባ የትም አልሄደም፤ ጥጡ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ተቀምጧል።

አሁን ጥጡን ከድንጋይ ላይ አኑሮ የአሲዱን ጠርሙስ ከፍቷል። ቢነጣና ቢሸት ያስቀቡት ልጆቻቸው ናቸው፤ ካልነጣ ባላምባራስ ራሳቸው በቁማቸው አሣሉት። ከእንግዲህ ሥዕሉን የሚያስነካው የለምና ሁለተኛ ሙከራ የለም። መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ቀርበዋል። ወይዘሮ የብርጓልም እየፈሩ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን ወደ ጥጡ አስጠግተዋል።